ዐሥረኛው ወርቅ

ታላቅ ወንድሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ቤቴ ገብቶ፣ አባቴ የሰጠኝን የወርቅ ሳንቲም ከሳጥኔ አውጥቶ ወስዶ አስበሳው። በደሉ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው። ማብራሪያውንም የምጽፈው ናታንያ ያለው ዘመድ ሁሉ ነገሩን የሰማው በወንድሜ አፍ ስለሆነ ነው። እኔ ሳልናገር ተፈርዶብኛል።

መጻፍ የቻልሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዕብራይስጡን ኡልፓን፣ ቋንቋ ማስተማሪያው ቤት፣ ገብቼ ተማርሁ። አማርኛውን ግን ያስተማሩኝ እዚሁ ናታንያ፣ ከእኛው ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጎንደር ተወልጄ፣ ጎንደር አድጌ፣ ሀ ሁ ያልሁት እስራኤል ነው። ይህን የማነሣው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ጽሑፌ ቢንጋደድ ምክንያቱ ይታወቅ ብዬ ነው።

ሥራዬ ሽሚራ ነው፤ ጥበቃ ማለት ነው። ባሕሩን ቁልቁል ከሚያዩት ሆቴሎች በአንዱ በር ላይ ቆሜ የሰው ቦርሳ እፈትሻለሁ። ያን ጊዜ አውቶቡሱም ካፌውም የሚፈነዳበት ዘመን ነበር፤ ከተማችንም ደርሷታል። የከበረ ሰው ቢመጣ፣ ሽቶ የተቀባች ወይዘሮ ብትመጣ፣ ቦርሳው ሳይከፈት አይገባም። "እኔን ነው የምትፈትሸኝ?" የሚል አለ። አዎን፣ አንተን ነው። እንግዲህ ሥራዬ ይህ ሆኖ፣ ወንድሜ ከገዛ ቤቴ ወርቄን ይዞ ሲወጣ ኪሱን ያየ ሰው የለም።

ስለ ወርቁ ልናገር። አባቴ ጠይብ ነበር። ጎንደር ውስጥ ጠይብ መሆን ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ቀን ማረሻቸውን ያሠሩሃል፣ ሲመሽ ቡዳ ይሉሃል። ጣልያን ሲባረር እንግሊዞች መጡ። ከእነሱ አንዱ መኮንን የተሰበረ እርካብ አሠርቶ ሲያበቃ ብር አጣና አንድ ወርቅ ሰጠው። በአንድ ፊቱ የእንግሊዝ ንጉሥ ራስ አለ፣ ዙሪያውን ፊደል ከቦታል። በሌላው ፊቱ አንድ ፈረሰኛ ዘንዶ ይወጋል። ክርስቲያኖቹ ጊዮርጊስ ነው ይላሉ። አባቴ ፈረሰኛው ብቻ ይለው ነበር። በአዲስ አበባ በኩል ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ ባዶ እጁን አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ፣ አባቴ ፈረሰኛውን በቀበቶው ስፌት ውስጥ አሳፈረው። እዚህ ታሞ ሊሞት ሲል ጠራኝና ለታላቄ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

"ታላቅህ እጁ ሰፊ ነው" አለኝ። "አንተ ቆጥቋጣ ነህ። አንተ ያዘው።"

ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መሀል ከተማ ስሄድ በአንዲት ጠባብ ሱቅ መስኮት ፈረሰኛውን አየሁት። ልክ የእኔን የመሰለ። ባለሱቁ ከሮማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው፤ አሮጌ ቴምብርና አሮጌ ሳንቲም ይሸጣል። በማግስቱ የእኔን ይዤ ሄድሁ። መዳፌ ውስጥ ጨብጬ ሳቀብለው እንደተቃጠለ ሰው ሆነ። በጠርዙ ያዘው፣ ፊቱን አትንካው፣ እጅህ ላብ አለው አለኝ። እኔማ እንዲያምርልኝ ብዬ በሎሚና በአመድ ላሸው አስቤ ነበር፤ የአባቴ ቤት ልማድ ነው፤ እኛ ጌጥ ሳይወለወል ለሰው አናሳይም። ይህን ስነግረው ዓይኑን ጨፈነ። የታጠበ ሳንቲም ለሰብሳቢ የሞተ ሳንቲም ነው አለ። ዕድሜውን ታጥበዋለህ፣ የሚቀርህ ብርቅርቅታው ብቻ ነው።

ቆጥቋጣነቴ መልክ ያገኘው እዚያ ሱቅ ነው። ሰውየው ሉፓውን፣ የሚያጎላውን መስተዋት፣ ዓይኔ ላይ አድርጎ እንዴት እንደሚታይ አሳየኝ። ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ልጅ ሆኜ ገበያ ላይ ነጋዴዎቹ ጠገራ ብር ሲቀበሉ አይቻለሁ፤ የንግሥቲቱን ትከሻ ያያሉ፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራሉ፣ አንዷ ከተበላች ብሩን ይወረውሩልሃል። ይህም ያው ነው። ከፍ ያለው ቦታ ቀድሞ ይበላል። በንጉሡ በኩል ጉንጩንና ጆሮውን ታያለህ፤ በፈረሰኛው በኩል የፈረሱን ደረትና የሰውየውን ጉልበት። ከዚያ ባዶው ሜዳ ላይ ጭረት ትፈልጋለህ፤ ከዚያ ጠርዙ ተመትቶ እንደሆነ፤ ከዚያ ሲወለድ የነበረው ብርሃን ቀርቶለት እንደሆነ። ባለሱቁ ደረጃውን በፈረንጅ ፊደልና በቁጥር ነው የሚጽፈው። እኔ የራሴን አወጣሁ፤ ሕፃን፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ። ሕፃን ማለት የማንም ኪስ ያልገባ ነው። ሽማግሌ ማለት ፊቱ ጠፍቶ በቁመናው ብቻ የሚታወቅ ነው። የአባቴን ፈረሰኛ ብዙ ቀን መርምሬ ጎልማሳ ብዬ ጻፍሁት። ባለሱቁም አይቶ ተስማማ።

ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዳንድ፣ ሲሞላልኝም ሁለት ገዛሁ። ወርቅ ያኔ ለጥበቃ ሠራተኛም የሚደረስበት ነበር። ሰው ሶፋ ሲቀይር እኔ አልቀየርሁም፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። የምሰበስበው ከየዓይነቱ አንድ ነው፤ ሁለተኛ የሚባል የለም። የቱርኩ በሱልጣኑ ማኅተም፣ የፈረንሳዩ ባለአውራ ዶሮ፣ የሩስያው ባለጢም ንጉሥ፣ የኦስትሪያው ባለንስር፣ የስዊሷ ባለሹሩባ ልጅ፣ እንዲህ እያልሁ። አልቦሙ ዐሥር ጉድጓድ ነበረው። ዐሥርነቱ ደስ አለኝ። ምኩራብ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ቢቀመጥ ቁጭ ብሎ በር በር ያያል እንጂ ሚንያን፣ የጸሎቱ ቁጥር፣ አይሞላም፤ ጸሎቱ የሚጀመረው ዐሥረኛው ሲገባ ነው። ዘጠነኛውን የገዛሁት በፈረንጅ 2005 ከፋሲካ በፊት ነው። ዘጠኙ የእኔ፣ አንዱ የአባቴ። ሞላ። አልቦሙን ብረት ሳጥን ውስጥ ቆለፍሁና ቁልፉን ከጎኑ ሚስማር ላይ ሰቀልሁት። ቤቴ ነዋ፤ ከማን ልደብቅ?

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ገብቼ አልቦሙን ስከፍት የፈረሰኛው ጉድጓድ ባዶ ነው።

"ማን ገብቶ ነበር?" አልኋት ሚስቴን።

"ወንድምህ ነው የገባ" አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም። "ሻይ ጠጥቶ ሄደ።"

"ሳጥኔን ሲከፍት ዝም ብለሽ አየሽ?"

"ታላቅህን፣ ቁም ኪስህን ልየው ልበለው? እሱ ያንተ ሥራ ነው።"

ወንድሜ የሚኖረው ኤይን ሀትኽሌት የሚባለው ሰፈር ነው። እናታችንም ያለችው እሱ ዘንድ ነው። ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ሐኪሞች ጀርባውን ቀደውት ጡረታ ወጥቷል። ሴት ልጁ ከሻቩዖት በዓል በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበር፤ የጥሪው ካርድ የእኔም ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። አውቶቡስ ይዤ ሄድሁ። ስገባ ወርቁ ጠረጴዛ ላይ፣ በቀይ ከፋይ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ከፈረሰኛው ራስ በላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ ቀለበት፣ ቀለበቱ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት።

"ተቀመጥ እንጂ" አለኝ።

"አያ፣ ምን አደረግህ?"

"ለልጅቱ አንገት አደረግሁት። ወርቅ ለአንገት ነው እንጂ ለሳጥን ነው?"

"የእኔ ነው።"

"የአባታችን ነው።"

"ለእኔ ነው የሰጠኝ።"

"እንድትይዘው ሰጠህ። ያዝህ። ጎሽ። አሁን ቀኑ ደረሰ።"

ልጅቱ ድምፃችንን ሰምታ ከክፍሏ ወጣች። ነገሩን አታውቅም። ሰንሰለቱን አንሥታ አንገቷ ላይ አስጠግታ "ዶድ፣ ያፌ?" አለችኝ። አጎቴ፣ ያምራል? ማለቷ ነው። እሷ ትስቃለች፣ እኔ የማየው ጣቷ የንጉሡ ፊት ላይ ማረፉን ነው። ለወንድሜ ሠርጉ ላይ እንደማልገኝ፣ ወርቁ ካልተመለሰም ሚሽታራ፣ ፖሊስ ዘንድ እንደምሄድ ነግሬው ወጣሁ። እናቴ ከጓዳ ስታስል ሰምቻለሁ። ገብቼ ጉልበቷን ሳልስም ሄድሁ። ዘመድ በኋላ ያወራው ስለተበሳው ወርቅ አይደለም፤ ይህንን ነው።

ባለሱቁ ዘንድ ሄጄ ነገርሁት። ሳንቲሙን ሳያይ የተበሳ ከሆነ ደረጃ የለውም አለ፤ ሽማግሌም እንኳ አይባልም፤ ጌጥ ሆኗል፤ በሚዛን ነው የሚሸጥ። ከዚያ ከመስኮቱ ሌላ ፈረሰኛ አወጣልኝ። ያው ንጉሥ፣ ያው ዘንዶ፣ ከእኔ የተሻለ፣ ጎረምሳ ነው። በዝግታ ትከፍለኛለህ አለኝ። የአልቦሙ ጉድጓድ የትኛው እንደገባበት አያውቅም አለ።

"እኔ አውቃለሁ" አልሁት።

"እንግዲያው ሰብሳቢ አይደለህም" አለኝ። "ወራሽ ነህ። ሁለቱ አንድ አይደሉም።"

ተናድጄ ወጣሁ። ዘጠኙን ወርቅ እያነሣሁ ባየሁ ቁጥር ግን ቃሉ ይመጣብኝ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎች ተላኩ። የመጡት ሁለት ናቸው፤ ንግግሩን የያዙት እነዚያው ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰውዬ ናቸው። ከእሳቸው ጋር መከራከር አስቸጋሪ ነው፤ ስትሳሳት በዚያው በድሮው ዓይን ያዩሃል። የምፈልገውን ጠየቁኝ። ሁለት ነገር አልሁ። ወርቄ ከሠርጉ በፊት ይመለስ። ወንድሜም ድንጋይ ተሸክሞ በሬ ላይ መጥቶ በድያለሁ ይበል።

"ልጄ፣ ታላቅ ለታናሽ ድንጋይ አይሸከምም" አሉኝ።

"ታላቅ የታናሹን ሳጥንም አይከፍትም።"

"የዚህ አገር ድንጋይ ደግሞ" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ "ማዘጋጃ ቤቱ በሲሚንቶ ይዞታል። ከየት ያምጣ?"

ሚስቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሽማግሌዎቹ እስክንታረቅ ወርቁ በእነሱ እጅ ይቀመጥ ብለው ወንድሜ ዘንድ ሄዱ። ወርቁን ሰጣቸው። መልእክት ግን ላከብኝ፤ ለሠርጓ ተመልሶ ይታሰራል፣ ልብ ካለው ዕለቱን መጥቶ ከልጅቱ አንገት ራሱ ይፍታው ብሏል አሉኝ።

ቀኖቹ ከፉ። ሚስቴ ለሠርጉ የምትለብሰውን ልብስ አሰፍታ በሩ ላይ ሰቀለችው፤ እየገባሁ እየወጣሁ እንዳየው ነው። ብቻዬን እሄዳለሁ አለች። ሥራ ላይ አንድ ሰው ቦርሳውን ሳይከፍት ሊያልፍ ሲል ክንዱን ያዝሁት፤ አለቃዬ ጠርቶ ገሠጸኝ። ወንድሜን ገበያ ውስጥ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ቲማቲም ሲመርጥ እንደቆየ ሆነ፣ እኔም ዓሣ የማይ መሰልሁ። ዓሣ አልወድም።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጃለሁ። ማንም አላወቀም፤ ይኸው አሁን ይታወቅ። ተራዬ ደርሶ አንዲት ወጣት ፖሊስ ፊት ተቀመጥሁ። ማንን ነው የምትከስ አለች፣ የወንድሜን ስም ሰጠኋት። የአባቱስ ስም? አለች። የአባቱን ስም ስጠራ የራሴን አባት ጠራሁ። ፖሊሷ ጽፋ ጨረሰችና ቀና ብላ የራሴን መታወቂያ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብያት ወጣሁ። አልተመለስሁም። ቁጣዬ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም መሄጃ አጥቶ ባሰበት።

ሠርጉ ሲቃረብ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ሌላ ሐሳብ አመጡ። እናንተ ሁለታችሁ ስለ ወርቅ ትጣላላችሁ፣ ወርቁን የሚያውቅ ሰው ይየውና ጉዳቱን ይንገረን አሉ። እኔ ወዲያው እሺ አልሁ። ባለሱቁ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ የተበሳ ደረጃ የለውም ይላል፤ ወንድሜ በራሱ ጆሮ ይስማው። ወንድሜም እሺ አለ። እሱ የተስማማው፣ አንድ ቀዳዳ ምን ያህል ነገር ነው ብሎ ይመስለኛል።

ሦስታችን ወደ ሱቁ ሄድን። ወንድሜ ፊት ፊት ይሄዳል፣ እኔ ኋላ፣ ሽማግሌው መሀል ሆነው ወደ ሁለታችንም ሳያዩ ስለ ሙቀቱ ያወራሉ። ሱቁ ለሦስት ሰው አይበቃም፤ ወንድሜ ጀርባውን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ቆመ። ሽማግሌው ወርቁን ከመሐረባቸው ፈትተው ሰጡት። ባለሱቁ በጠርዙ ይዞ ሉፓውን ዓይኑ ላይ አደረገ። እኔ "ሞቷል" እስኪል እጠብቃለሁ። አላለም። ገለበጠው። መብራቱን ሳበ። ቀዳዳውን በጎን አየው፣ እንደገና ገለበጠው።

"ማነው የበሳው?" አለ ሲቆይ።

ገበያ ውስጥ ያለው፣ ከቡኻራ የመጣው ወርቅ ሠሪ ነው አለ ወንድሜ።

"ሲበሳ አጠገቡ ነበርህ? ምን አለህ?"

ምንም አላለኝ አለ ወንድሜ። ቶሎ ነው የጨረሰው። መብሻውን ገና ሲያስነካው አንዲት ነገር ዘልላ ወጣች። የቀዳዳው ወርቅ ናት ብሎ ሰጠኝ፤ ወርቅ አይጣልም ብዬ ያዝኋት። ይህን እያለ ከቦርሳው የታጠፈች ወረቀት አወጣና ባንኮኒው ላይ ዘረጋት። ውስጧ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ወርቅ አለች።

ባለሱቁ ወረቀቷን በሁለት እጁ ወደ መብራቱ አስጠጋ። መብሻ ወርቅ ሲበሳ ዱቄት ነው የሚያወጣው አለ። ክብ ቁራጭ አያወጣም። ይህች ቁራጭ ቀድሞም ቁራጭ ነበረች። ይህ ሳንቲም ድሮ ተበስቶ ነበር፤ አንድ ሰው ደፍኖታል። ቡኻራዊው ድፍኑን ገፋው እንጂ አልበሳውም። ቀለሟን እዩት፣ ትንሽ ትቀላለች።

ሉፓውን ተቀብዬ አየሁ። ቁራጯ በአንድ ፊቷ ልሙጥ ናት፣ በፈረሰኛው በኩል ያለውን ባዶ ሜዳ ትመስላለች። በሌላው ፊቷ፣ በንጉሡ በኩል ማለት ነው፣ ግማሽ ፊደል ተቀርጾባታል። ቀዳዳው ጫፍ ላይ ከቀረው ግማሽ ጋር ሲገጥም አንድ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል ይሆናል። መስመሩ ከጎረቤቶቹ በትንሹ ይወፍራል። በትንሹ ነው፤ ካልነገሩህ አታየውም። ያንን ፊደል በሉፓ እየዞርሁ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ማንበብ ከተማርሁ ወዲያ የሳንቲም ዙሪያ ማንበብ ዋና ደስታዬ ነበር። ያን ግማሽ ፊደል የቀረጸው ሰው በየትኛውም አገር ቋንቋ ሀ ሁ የማያውቅ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እኛ ቤት ከአባቴ ሌላ ጠይብ አልነበረም።

"እኔንም አልፎኛል" አለ ባለሱቁ። "ስንት ጊዜ እጄ ላይ ነበር፣ አልፎኛል። ይህ ሰው የት ነው የሚሠራው?"

"ሞቷል" አልሁት።

ወንድሜ "አላልሁህም?" አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ እመታው ነበር። ቁራጯን ወረቀቷ ውስጥ መልሶ ጠቀለላት።

ከዚያ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድን። በዚህ ጊዜ ጉልበቷን ሳምሁ። ገና ሳልቀመጥ ወርቁን እጇ ላይ አስቀመጥሁትና፣ እማ፣ ይህ መቼ ነው የተበሳ? አልኋት።

"ያንገቴ ነበር እኮ" አለች። "አባታችሁ ሲያገባኝ በስቶ አንገቴ ላይ ያሰረው ነው። ኋላ ዝናቡ የቀረ ዓመት ልንሸጠው አልን፤ ነጋዴው የተበሳ አልፈልግም ብሎ ወረወረበት። አባታችሁ ተናዶ ሦስት ቀን ጎጆው ውስጥ ተከተተና ደፈነው። እዚያው ነጋዴ ዘንድ ወሰደው። አገላብጦ አየና ጥሩ ዋጋ ሰጠው። ይዞት ተመለሰ።"

"ሳይሸጠው?"

"ሳይሸጠው። ነጋዴው ያውቅ እንደሁ ሊያይ ነው ለካ የሄደ። አላወቀም። እየሳቀ መጣ፤ እህሉ ግን አልመጣም። ያን ቀን የሰደብሁትን ስድብ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

ሽማግሌው በመሐረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ስለዚያ ነጋዴ አሰብሁ። ሉፓ ቢኖረው ኖሮ ጎልማሳ ብሎ ይጽፍ ነበር።

"ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"መች አስነካኸኝ? አንድ ቀን ላንሣው ስል፣ እማ በጣትሽ አትንኪው አልኸኝ። እኔ ታዲያ ያንገቴን ወርቅ በጣትሽ አትንኪ ከተባልሁ ምን እናገራለሁ?" ወርቁን በአውራ ጣቷ እያሸች ነው የምትናገረው፤ ፊቱን፣ መሀሉን። "ወንድምህንም የላክሁት እኔ ነኝ። የልጄ ልጅ እንደኔ ትሰረው ብዬ ነው።"

ወደ ወንድሜ ዞርሁ። ይህን ሁሉ ቀን ለምን አልተናገርህም አልሁት።

"እናቴን ጋሻ ላድርጋት?" አለኝ።

አንባቢ እንግዲህ እዚህ ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አልተቃቀፍንም። እኔ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። እማ፣ ስትልኪው ምን ብለሽ ነው የላክሽው? አልኋት። ጠይቀህ አምጣ ነው ያልሁት አለች። ጠይቀህ። ወንድሜ መሬት መሬት አየ። ቀዳዳው የእሱ አይደለም፤ እሺ። ወርቁ የእናቴ አንገት ነው፤ እሺ። ሳጥኑ ግን የእኔ ነው፤ ቁልፉን ከሚስማሩ ያወረደው የእሱ እጅ ነው፤ ከወሰደው ወዲህም አንድ ስልክ አልደወለም። ይህንን ተናግሬ ወጣሁ። ሽማግሌው እስከ በሩ ተከትለውኝ፣ ልጄ፣ ክርክርህ ቀጥኗል አሉኝ። ቀጥኗል አልሁ፣ አልተበጠሰም።

ሻቩዖት መጣ። በዓሉን ቤቴ ሚስቴ ሳታናግረኝ አሳለፍሁት። ሠርጉ ለዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ዘጠኙን ወርቅ አውጥቼ አየኋቸው፤ ዘጠኝ ሰው በር በር እንደሚያይ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ወንድሜ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ነው የመጣ፤ ትንፋሹ ተቆርጧል። በሁለት እጁ የሱፐርማርኬት ላስቲክ ከረጢት አንጠልጥሏል፤ ከረጢቱ ከክብደቱ የተነሣ እጀታው ተወጥሯል። ከኋላው ሽማግሌው ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ለፊት ያለችው ሞሮኮዋዊት ጎረቤታችን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ ቤት እያደሳችሁ ነው? አለች። ወደ ከረጢቱ አየሁ። የእግረኛ መንገድ የሚነጠፍበት አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው።

"አንገት ላይ ነው የሚሆነው" አልሁት።

"ጀርባዬ የተቀደደ ነው። ሐኪሙ ከልክሎኛል።"

ሽማግሌውን አየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ያንን የፊደል ዓይናቸውን አመጡብኝ። "በሽተኛ በእጁ ቢሸከም ይቆጠርለታል" አሉ። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እኔ አላውቅም። እዚያው ደረጃው ላይ ያወጡት ይመስለኛል።

"ለቀዳዳው አይደለም" አለ ወንድሜ። "ሳልጠይቅህ ስለከፈትሁ ነው።"

ከረጢቱን ከእጁ ተቀበልሁት። ከባድ ነው። በዚያ ጀርባ አራት ፎቅ እንዴት እንዳወጣው እንጃ። ግባ አልሁት። ሚስቴ ሻይ ጣደች። ሽማግሌው ትንፋሻቸው ሲመለስ ፍርዱን ተናገሩ፤ ወርቁ ከቤታችን ሴት ልጅ ስትዳር አንገቷ ላይ ይውላል፣ ከሠርግ እስከ ሠርግ በእኔ ሳጥን ውስጥ ያድራል፣ የፈለገው ሰው በሩን አንኳኩቶ ይጠይቃል። ወንድሜ ወረቀቷን ከቦርሳው አውጥቶ፣ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ሰጠኝ። አባታችን ሦስት ቀን የሠራትን።

ልጅቱ ሐሙስ ዕለት አሰረችው። ስትመልሰው ሽቶ ይሸታል፣ በንጉሡ ጉንጭ ላይም የጣት አሻራ አለ። አልወለወልሁትም። አልቦሙ ውስጥ፣ ጎልማሳ ብዬ የጻፍሁትን ሰርዤ፣ ተበሳ፣ ተደፈነ፣ ተበሳ ብዬ ጻፍሁ። ባለሱቁ እንዲህ ያለ ደረጃ የለም አለኝ። ድንጋዩ አሁን በረንዳዬ ላይ ነው፤ የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ በሩን ይይዛል።

ዘመድ ነገሩ በሠርጉ ላይ አለቀ ይላል። በሠርጉ አይደለም። ያለቀው ድንጋዩ በሬ የገባ ዕለት፣ ከሻቩዖት ማግስት፣ ማክሰኞ፣ ጁን 14 ቀን 2005 ነው።